እጁን የማይታጠበው ሰውዬ

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። ዓይኔ አብጧል። የእህቴ የሕይወት ሠርግ እሑድ ነው፤ ወጥ ሠሪ የለም። ማለት አለ። ጋሽ ደምሴ፣ የእማዬ አጎት። እንደሱ የሩዝ ፒላው የሚሠራ ሞያሌ ውስጥ የለም። ሕይወትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ በሠርግሽ ቀን የማበላው እኔ ነኝ ይላታል። እዚህ የተወለድነው ከእጁ እንበላለን። ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ የመጡት ግን ቢሞቱ አይነኩለትም።

ጥፋቱ የአንድ ፊልም ነው። ካምፑ ውስጥ ቋንቋው ብዙ ስለነበር የጤና ሰዎች ድምፅ አልባ ፊልም ሠሩ። ዋና ተዋናይ ጋሼ። ከሽንት ቤት ይወጣል፣ አይታጠብም፣ ይበላል፣ ሆዱን ይዞ ይሞታል። በየሳምንቱ አንሶላ ላይ አሳዩት። በየሳምንቱ ሞተ። ሌላ ሚና ስጡኝ ቢል፣ የሚያምንህ የለም አሉት። እማዬ ያኔ ልጅ ሆና አይታው እስከዛሬ ሳምቡሳውን አትቀምስም። የአጎቷን እኮ ነው።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አጀንዳ፦ የጋሼ እጅ። ግማሽ ቀን ፈጀ። አባ ዱባ መዳፋቸው ላይ አስነጥሰው፣ ንጽሕና ትልቅ ነገር ነው አሉ። በዚያው እጅ ሁላችንንም ጨብጠው ወጡ። ውሳኔ፦ ጋሼ አይሠራም።

ማንያታ ሰፈር፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሩዝ ይለቅማል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመህ እስከ ክርንህ በሳሙና ታጠብላቸው አልኩት። ቀና እንኳ አላለም።

«ሠላሳ ዓመት ታጥቤያለሁ፣ አንቺ ልጅ። ከእንግዲህ ለነሱ ብዬ አልተውንም። ደክሞኛል።»

እኔም ደከመኝ።

ጥር 15፣ ዓርብ

ሕይወት ዘዴ አመጣች። ወጥ ሠሪ ከኢሲዮሎ ከተማ መጣ ይባላል። ጋሼ በጓሮ ይገባል፣ ማንም አያየውም። ስንነግረው ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ፣ ይኸው ሌላ ሚና ተገኘ፣ የማይታይ ሰውዬ አለ። እሱ ሳቀ፣ ሕይወት አልሳቀችም።

ጥር 17፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት

ከጓሮ ነው የምጽፈው፣ የተደፋ ሱፉሪያ ድስት ላይ ተቀምጬ። አባ ዱባ ሦስተኛ ሳህን ላይ ናቸው። እማዬ ሁለተኛ። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹ የኢሲዮሎውን ሰው ጥሩልን፣ እንመርቀው እያሉ ነው። ሕይወት ከነቬሏ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

ከድንኳኑ ሮጬ ወጥቼ ለጋሼ ነገርኩት። በአጥሩ ውጣ፣ ሄዷል እላቸዋለሁ አልኩት። ጭልፋውን አስቀመጠ። ምርቃቴን ለኢሲዮሎ አልሰጥም አለ። ሽርጡን ሳያወልቅ ወደ ድንኳኑ እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱ ያመዋል። ቢያስመልሳቸውም ያስመልሳቸው። አብሬው ልገባ ነው።