ድንጋይ ያድጋል ያለችው ልጅ

ታኅሣሥ ፲፪፣ ቅዳሜ

ከሸኮ ማዶ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዋሻ ዛሬ አየሁ። የወሰደችኝ የድሮ ተማሪዬ ወርቅነሽ ናት። ቀይ ፍሬ ባንዠረገገው ቡና መካከል ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ "ቲቸር፣ ጉልበትዎ ቻለ?" ትለኛለች።

"ከአንቺ ይሻላል" እላታለሁ።

ዋሻው ውስጥ ባትሪዋን ወደ ጣሪያው አበራች። ከተንጠለጠለው ነጭ ድንጋይ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

"ይኸው፣ ውኃው ኖራውን እያስቀረ ድንጋዩን ያሳድገዋል። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ድንጋይ ያድጋል ብዬ ብጽፍ ኤክስ አደረጉብኝ" አለችኝ።

አስታወስሁ። መጽሐፉ ሕይወት የሌለው ነገር አያድግም ይል ነበር። ለካ አባቷ ለማር ቆረጣ ሲመጣ እዚህ አምጥቶ አሳይቷት ኖሯል።

"እንግዲህ ተሳስቻለሁ" አልኋት። በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ይህን ለተማሪ ብዬ አላውቅም።

"ታዲያ ነጥቤን ይመልሱልኝ።"

"ግማሹን ብቻ። ምክንያቱን አልጻፍሽም።"

ዋሻው እስኪያስተጋባ ሳቅን። እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ቤት ገብቼ ይህን ስጽፍ ግን እጄ ቆመ። ምክንያቱን ያልጠየቅኋት እኔ ነኝ። ደወልሁና ሙሉውን ሰጠኋት።