ደሴ የተነሳሁት ፎቶ

ለእህቴ ለከይሪያ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም! ሰላምታዬ ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍሽ ይድረስ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይሄን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣው ወንድምሽ ተውፊቅ ራሱ ነው የጻፈው። ፊደሉ የተንጋደደው በግራዬ ስለጻፍሁ ነው። ቀኜን አሳረፍኳት፤ ጎበዝ በሁለቱም ይጽፋል!

ሰኞ ደሴ ሄጄ ጭንቅላቴን ኤምአርአይ ተነሳሁ። ማሽኑ ጩኸቱ ፋብሪካችንን ያስንቃል። እኔ ግን ወላሂ ንቅንቅ አላልኩም፤ "እንዳንተ ጸጥ ያለ ሰው አላየንም" ተባልኩ። ሐኪሟ የደም ሥሬን ግድግዳ ሳይቀር በምስሉ አሳየችኝ፤ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ ክር አክሏል።

"ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?" አለችኝ።

"ኧረ የለም! አባታችን ብቻ ለሶላት ውዱእ እያደረጉ ወድቀው ዝም እንዳሉ ቀሩ" አልኳት።

እሷም ቶሎ ብላ መዝገቤ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ውዱእ ሳደርግ ከጎኔ የሌላ ሰው ውሃ ሲንቆረቆር እሰማለሁ።

አንቺስ ራስሽን ያምሻል? እባክሽ ታዪ።

ስልክ ግን አትደውዪ። ሚስቴ ሱሀይላ እንኳ "ምን አልክ?" እያለች ሦስቴ ታስደግመኛለች፤ ጆሮዋ ደክሟል መሰለኝ።

አላህ በኸይር ያገናኘን። ቶሎ ጻፊልኝ፤ ማንበቡን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወንድምሽ ተውፊቅ