የጉድጓድ ዓሣ አጥማጆች

ገዳሪፍ፣ የካቲት 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለላይኛው ወንዝ ጎረቤቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ዓባይነህስ? ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እንዴት ሰነበተ? ሺንፋ ዘንድሮ ቶሎ ጎደለ ወይስ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ተርፏል? እኔና ቤተሰቤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከጉልበቴ በቀር የምከስሰው የለኝም።

ሰላምታውን ባረዝመው ትረግሚኛለሽና ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጅሽ ሶፎኒያስ በሕይወት አለ። እኔ ዘንድ ነው። ይህችን ደግመሽ አንብቢያትና ቁጭ በይ፤ ነገሩ ገና አላለቀም። ይህን ስጽፍልሽ ልጁ ሱቄ ጓዳ ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያዎቹ ጀርባ ተኝቷል። ደጃፋችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እሱም እኔም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከሻው አልበረደም። ከሻ የሚሉት ወረቀት የሌለውን ሰው ከየእርሻውና ከየሻይ ቤቱ እየለቀሙ በጭነት መኪና የሚወስዱበትን ነው። ከዚህ ሰፈር የተወሰዱት ልጆች የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ገላባት ላይ ለነጋዴዋ ለዙህራ የነገርሻት መልእክት የደረሰኝ የሰሊጥ አጨዳው እንዳለቀ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ዝም ተባብለን ኖረን የመጀመሪያው ቃልሽ ለአጨዳ ተሻግሮ የቀረ ልጄን ፈልግልኝ መሆኑ አንጀቴን በላው። የት ብዬ ልፈልግ? እርሻው ዳርቻ የለውም። ግን የፈለግሁበትን መንገድ ስትሰሚ ትስቂብኛለሽ።

ዓሣ ማጥመድ አልተውሁም። ሽበትም አላስተወኝም። በክረምትና በመኸር፣ ዓርብ ዓርብ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ወንዙ፣ መፋዛ እወርዳለሁ። አንደኛው ኸይሩ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ፒክአፗም የሱ ናት። ሌላው ፀጉር አስተካካዩ ኢሀብ ነው፤ እሱ ጠዋት የሰማውን ምስጢር ገበያው ከቀትር በፊት ያውቀዋል። ወንዙን እዚህ ረሀድ ይሉታል እንጂ ያው ያንቺው ሺንፋ ነው፤ ባንቺ በኩል አልፎ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው። በጋ ሲገባ ግን ደርቆ አሸዋ ብቻ ይቀራል፤ እኛም መድረሻ እናጣለን። ባለቤቴ ዘሐራ፣ ወንዝ የደረቀበት ወንድ ጥርስ ከሚያወጣ ሕፃን ይብሳል ትላለች። አንድ በጋ ዶሚኖ ሞከርን፤ ኸይሩና ኢሀብ ተኳርፈው እስከ ዝናብ ድረስ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ከዚያ የጎረቤት ባልዲ ጉድጓድ ገባ። ኸይሩ መንጠቆዎች ጀርባ ለጀርባ አስሮ ጣለና አወጣው። እኛም በጋ የሚያልፍበትን ነገር አገኘን። አሁን ከገዳሪፍ እስከ ዶካ ድረስ ጉድጓድ የዋጠውን ሁሉ የምናጠምድ እኛ ነን፤ ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጫማ፣ አንድ ጊዜም ፍየል። ዋጋ አንቀበልም፤ ዋጋ ከተቀበልንማ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ኢሀብ ከፀጉር ቤቱ ግድግዳ ትልቁን መስተዋት ነቅሎ ያመጣል፤ ፀሐይን በመስተዋት ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሲወረውራት እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። የኔ ድርሻ ጣቴ ናት። ክሩን ሌባ ጣቴ ላይ አሳርፌ ጭቃውን ከድንጋዩ፣ ድንጋዩን ከብረቱ እለያለሁ። ይህን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መልእክትሽ ከደረሰኝ ወዲህ በየጉድጓዱ አፍ ሶፎኒያስ የሚባል የሺንፋ ልጅ አይታችኋል ወይ እያልሁ ስጠይቅ ነበር። አየሁት ያለ አልተገኘም።

ባለፈው ዓርብ ዶካ ሳለን የአንድ ትልቅ የማሽላ እርሻ ወኪል ለኸይሩ ደወለ። የጉድጓዳቸው ገመድ ተበጥሶ ባልዲው ገብቷል፤ ቶሎ ድረሱልኝ አለ። ስንደርስ ጉድጓዱ አጠገብ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የታጠቁ ሰዎች ከብበውታል። ሌሊት ሳይነጋ ከሻ ገብተው ሠራተኛውን ለቅመዋል። መኪናው ላይ የተጫኑትን ልጆች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ያንቺን ፊት የያዘ አልነበረም። ደስ ይበለኝ ወይ ልዘን አላወቅሁም። ሰዎቹ ተጠምተዋል፤ የመኪናቸው ራዲያተር ፈልቷል። አለቃቸው ፍጠኑ፣ ውኃ አውጡ እያለ ይጮህብናል።

እንደ ልማዴ ለራሴ በአማርኛ እያጉረመረምሁ መንጠቆውን ለቀቅሁ። ክሩ ወለል ነካ። ብረት ነካ፤ ባልዲው ነው አልሁ። ልስብ ስል ክሩ ራሱ ተሳበ። መጀመሪያ ረዘም አድርጎ በዝግታ፤ ከዚያ ለቀቅ፤ ከዚያ ፈጠን ያለች ንቅነቃ።

ያቺን አንቺ ታውቂያታለሽ። ሰው አብረን እንዳያየን አንቺ ከቋጥኙ ወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን አንድ ክር ስንይዝ፣ «አለሁ፣ አትሳብ» የምንባባልባት ናት። እኔ ለማንም አላስተማርኋትም። ኸይሩና ኢሀብ አያውቋትም። ዘሐራም አታውቃትም።

ክሩን ሳልስብ ያዝሁት። አለቃው ምን ሆነህ ቆምህ አለኝ። ጭቃ ይዞታል አልሁት። እንግዲያው መስተዋቱን አምጡ ብሎ ኢሀብን አዘዘና ራሱ መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አጎነበሰ። ኢሀብ የሚያውቀው ነገር የለም። በዓይኔ ልነግረው ብሞክር እሱ ፀሐይዋን እየፈለገ ነው። በአፌ እንዳልናገር ከታጣቂዎቹ አንዱ አማርኛ ይሰማል፤ ስንመጣ ሰላም ያለን በአማርኛ ነበር። ብርሃኑ በድንጋዩ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። አላህ ሆይ፣ ይዘግይ፣ ይዘግይ እያልሁ ቆየሁ። የአለቃው አንገት ገና እየረዘመ ነው፤ ኢሀብ ግን ቀድሞ አየ። መቼም ተዘግቶ አይቼው የማላውቀው አፉ ሲዘጋ አየሁ።

መስተዋቱ ከእጁ አመለጠ። የጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰና ስብርባሪው ወደ ታች ወረደ። ከታች ድምፅ አልወጣም፤ ልጅሽ ጥርሱን ነክሶ ችሎታል። ኢሀብ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና የአባቴ መስተዋት፣ ከከሰላ ድረስ በግመል የመጣ መስተዋት እያለ ያለቅስ ጀመር። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ጠርሙስ የገባበት ውኃ እንደማይጠጣ ሲገባቸው ግን አለቃው ኢሀብን በጥፊ መታው፤ ደገመውም። ኢሀብ አልተነሣም፤ ለቅሶውንም አላቋረጠ። ኸይሩ ፊቴን አየና ነገር ተረዳ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የኛን ጀሪካኖች አውርዶ ራዲያተሩን ሞላላቸው፣ አጠጣቸው። ወኪሉን ሌላ ጉድጓድ እንዲያሳያቸው ጋቢና አስገቡት። እናንተ ጠርሙሱን ልቀሙ ብለውን ሄዱ።

አቧራው እስኪጠፋ ሦስታችንም አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ተደፍቼ ሶፎኒያስ ብዬ ጠራሁ። አቤት አለኝ።

በመኪናው መጎተቻ ገመድ አወጣነው። ከሻው ሲመጣ በባልዲው ገመድ ተንሸራቶ ሊደበቅ ሲል ነው ገመዱ የተበጠሰው። መዳፉ ተልጧል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሏል፤ ትከሻውን መስተዋቱ ትንሽ ቆርጦታል። በመረባችን ሸፍነን ጫንነው። ዶካ ኬላ ላይ የሚያውቀን ዘብ ዛሬስ ምን አጠመዳችሁ አለን። ኢሀብ የተሰበረ መስተዋት ብሎት አለፍን። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ትናንት ገበያ መሐል አፉን ከፍቶ መልሶ ሲዘጋው አይቼ አዘንሁለት። ልጁን ባወጣነው ማግስት ከኸይሩ ጋር ተመልሰው ጉድጓዱን ጠርገውታል፤ ሰው ይጠጣዋልና።

ቤት ከገባን በኋላ ያን የክር አሳሳብ ማን አስተማረህ አልሁት። እናቴ አለኝ። ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ይዛው ትሄድና ከቋጥኙ ወዲያ አስቀምጣው በክር ታጫውተው እንደነበር ነገረኝ። የኔን ማጉረምረም ከላይ ሲሰማ፣ አማርኛ የሚናገር ዓሣ አጥማጅ ከሆነ ይገባው ይሆናል ብሎ ነው የሳበው። እሷስ ከማን ተማረች አልሁት፤ ለምን እንደጠየቅሁት እኔም አላውቅም። ነግራኝ አታውቅም አለ። እኔም የድሮ ጎረቤቷ ነኝ አልሁት። ዘሐራ መዳፉን ቅባት እየቀባች ሁሉንም ሰምታለች። ስትወጣ በሩን ከወትሮው ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ያዢ። በሚመጣው ዓርብ እናመጣዋለን። ጀላቢያ አልብሰን፣ ጥምጥም አስጠምጥመን፣ መንጠቆ አስይዘን መሐላችን እናስቀምጠዋለን። ገላባት ባልዲ ገብቶባቸው ጠሩን እንላለን። የዶካው ዘብ ሁልጊዜ ሦስት ሆነን ነው የሚያውቀን፤ ያን ቀን አራት እንሆናለን። ፍርሃቴ እሱ ነው፤ እንቅልፍም ያሳጣኝ እሱ ነው። ካለፍን ልጅሽ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ የገላባትን ድልድይ ይሻገራል። አንቺ መተማ በኩል ሆነሽ ጠብቂው። ስታዪው አትጩሂ፣ አትሩጪ፤ ቤትሽ እስክትገቢ ቻይው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ካልመጣን ወደ ቤትሽ ተመለሽ፤ ስለ እኛም ድንበር ላይ ማንንም አትጠይቂ። ዙህራ ወሬ ታመጣልሻለች። ደብዳቤውን አንብበሽ ስታበቂ ለእሳት ስጪው።

እኔ ድልድዩን አልሻገርም። ከፒክአፗ ጎን እቆማለሁ፤ አትፈልጊኝ። ዓባይነህ አጠገብሽ ይሆናል፤ ሰላም በይልኝ። ሶፎኒያስ አንድ ቀን ማን እንዳስተማረሽ ቢጠይቅሽ መልሱ ያንቺ ነው። እኔ አልነገርሁትም፤ አልነግረውምም።

አላህ ልጅሽን አቅፈሽ የምታድሪበትን ሌሊት ያሳይሽ። ቤትሽ ሰው አይጉደልበት። ሺንፋ በክረምቱ ይሙላልሽ፤ ሞልቶም ወደ እኔ ይውረድ።

አንዲት ነገር ብቻ ልንገርሽና ላብቃ። ክሩ ሲሳብ ልጅሽ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። አንቺ ነሽ ብዬ ነው ሳልስብ የቆየሁት።

የታችኛው ወንዝ ጎረቤትሽ