ውጪ ቆሜ የወሰንኩት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ሙቀቱ አይጣል። ከሐሊማ ሙዝ ልገዛ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ ቆይቼ ተመለስኩ... መች ይቀርልኛል! ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እዚያችው መንገድ ዳር፣ በዚያችው በተቀደደች ሸራ ሥር። ሦስት ልጅ በሙዝና በማንጎ አሳደገች።

"አጌ፣ ምክር ቤት ያስገባንሽ ለወሬ ብቻ ነው እንዴ? ሼዱ ምን ደረሰ?" አለችኝ። ሳቅን። የቀበሌ ምክር ቤት አባል ከሆንኩ ወዲህ የማይቀልድብኝ የለም። ስድስቱ ሼዶች አልቀዋል፣ ቆርቆሯቸው ያብረቀርቃል። የተሠሩት መንገድ ዳር ለሚሸጡት ነው፤ መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ሁሉም ይነሳሉ። "ያንቺማ ያለቀ ነው" አልኳት። ለምን አልኩ? እንጃ... ይሄ አፌ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ሰብሳቢያችን ሶፎንያስ ቤት ድረስ መጣ። ሰላምታ አላበዛም።
"እትዬ አገኘሽ፣ ልጅዎ ፌቨን ከተመረቀች ስንት ጊዜዋ ነው?"
ሁለት ዓመት አልኩት።
"ሥራ አጥ ወጣትም እኮ የሼዱ መመሪያ ውስጥ አለ። እርስዎ ስሟን እንዳያነሱ፤ እኔ አነሳላታለሁ። እርስዎ ደግሞ የሚስቴን ወንድም ስም ያነሱልኛል።"
"ይሄ ነገር ልክ ነው?"
"ዘመዱ የተነሳበት አባል ይወጣል፣ አለቀ። ሕጉ የሚለው ይሄንኑ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይም 'ወጥታለች' ተብሎ ይጻፋል።"
ፌቨን ጓዳ ሆና ሰምታለች። ሳላዛት ዕቃ አጠበች፣ እያጠበችም ዘፈነች። ስትዘፍን የሰማኋት መቼ ነበር?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ስብሰባ ዋልኩ። የፌቨን ስም ሲነሳ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ቆምኩ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ስልኬን እነካካለሁ። "ይግቡ፣ ጸድቋል" አሉኝ። ገባሁ። ከዚያ ሶፎንያስ ወጣ። የሚስቱን ወንድም ማን አነሳው? እኔ። እጄንም አወጣሁ። ከዚያ ሌላው ወጣ፣ ሌላው ገባ... በሩ አላረፈም። ከስድስቱ አራቱ እንዲህ አለቁ። ለቀሩት ሁለቱ አሥራ አራት ነጋዴ ዕጣ አወጣ። ሐሊማ አልደረሳትም።

ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ፈርሜ ወጣሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ለባሌ ነገርኩት። ኤርጫፎ የካምባ ሰው ነው፣ ነገር አያበዛም። ጫማውን እየፈታ "ወጣሽ?" አለ።
"ወጣሁ፤ ደንቡ ነው።"
"እኛ ጋ ሽማግሌ ዱቡሻ፣ ሸንጎው ላይ፣ ሲቀመጥ፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው አይወጣም። ይነሳና 'ይሄ ነገር እኔን ይነካኛል' ይላል። ከዚያ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ሁሉም እያየው ነው የሚወሰነው። አንቺ ወጥተሽ ማን አየሽ?"
"ማንጎው" አልኩት፣ ልቀልድ ብዬ። አልሳቀም።
"ሐሊማስ?" አለ።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ
ዛሬ መንገድ ዳሩን አነሱት። ሸራው፣ ብሎኬቱ፣ አግዳሚው... አንዱም አልቀረ። ሙዙ መሬት ላይ ተረጋግጧል። ሐሊማ አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "አጌ፣ ያችን ሳጥን ያዢልኝ" ብቻ አለችኝ። የሼዱን ነገር አልሰማችም ማለት ነው? ወይስ ሰምታ ነው? ሳጥኗን ታቅፌ ቆምኩ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ
ማንንም ማናገር አላሰኘኝም... እኔ!

ኅዳር 1፣ ሰኞ
ቆረጥኩ። ጠዋት ከፌቨን ቦርሳ የሼዱን ቁልፍ አወጣሁ። ስብሰባው ላይ ተነሳሁ። "የልጄን ሼድ መልሻለሁ። የወጣሁት ነገሩን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እናንተም እንደዚያው። አራቱም እንደገና ይታዩ፣ ነጋዴዎቹ ባሉበት።"
ማንም ቀና አላለም። ሶፎንያስ ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ አገኘሽ ደክሟቸዋል። የልጅዎን መመለስ ይችላሉ። የሌላው የጸደቀ ነው" አለ።
ቁልፉን ተቀበለኝ። የእኔ ብቻ ተመዘገበ።

ፌቨን ማታ ምን አለች? "ስታስገቢኝም አልጠየቅሽኝ፣ ስታስወጪኝም አልጠየቅሽኝ። አንቺ ንጹሕ እንድትሆኚ እኔ ሥራ ፈት ልቀመጥልሽ?"

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ፌቨን ምዕራብ ዓባያ አክስቷ ጋ ሄደች። ሻንጣዋን ይዞ ኤርጫፎ ሸኛት፤ እኔን አልተሰናበተችኝም። ሼዱ ለሶፎንያስ አጎት ልጅ ሆኗል። ዛሬ ከፈቱት፣ በሩ ላይ ፊኛ አስረው። በዚያ በኩል አላልፍም ብዬ ዞሬ ገባሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ሐሊማ ደጄ መጣች። ሙዙን በሳፋ ተሸክማ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሶፎንያስ ከመጣበት ቀን ጀምሬ። ሳፋውን ሳታወርድ ሰማችኝ።
"ያኔውኑ አውቄያለሁ" አለች።
"መለስኩት እኮ፣ ሐሊማ።"
"ማን መልሺ አለሽ?" ስትል አልተቆጣችም፤ ምነው በተቆጣች። "ፌቨን ብትይዘው፣ 'ልጄ፣ አንድ ጥግ ስጪኝ' እላት ነበር። እምቢ ትለኝ ነበር? አሁን የማላውቀው ሰው በር ላይ ምን ብዬ ልቁም?"
ላቡ በአንገቷ ይወርዳል። ሳፋውን ላውርድልሽና ትንሽ አረፍ በይ አልኳት።
"ተዪው። ካወረድኩት የሚያሸክመኝ አላገኝም" ብላ ሄደች።
እኔ አጠገቧ ቆሜ እያለሁ።