ሳኪዩሳን የያዝኩበት ስብሰባ

ሰኞ፣ ጁን 5

የአመራር ስብሰባ። እንደተለመደው ሻይ፣ ብስኩት፣ ጫጫታ። ሚስተር ሀዊት ስልኩን ይጎረጉራል። ሥራ አስኪያጅ ተብሎ!

ወደ ታቬዩኒ ደሴት የምትመላለሰው መርከባችን የኋላ መወጣጫ የተንጠለጠለበት የብረት ገመድ እየተበጣጠሰ ነው አልኩ። ትቁምና ይቀየር። ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ እኔ ማቆም አልችልም። የሽያጭ ኃላፊው ሳኪዩሳ ከአፌ ነጠቀኝ።

"ኡናይሲ ደግሞ! አንቺ እኮ መርከብ ታስሮ ሲውል ነው ደስ የሚልሽ። ሰዉ ሻንጣውን አዘጋጅቷል፣ እቴ!"

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ስለ አዲሱ የደንብ ልብስ ቀለም ወሬ ተጀመረ... ምን ተወሰነ? ምንም።

ዓርብ፣ ጁን 9

ገመዱ ተበጠሰ። መወጣጫው መርከበኛው ኤሮኒ ላይ ወደቀ። ከሆስፒታል አሁን መግባቴ ነው። እናቱ እጄን ይዛ "እግሩን ያተርፉለታል አይደል?" ትለኛለች።

ቅዳሜ፣ ጁን 10

ቆረጡት። ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ።

ሰኞ፣ ጁን 12

ገና ሳልቀመጥ ሳኪዩሳ ጀመረ። "የመርከቦቹ ኃላፊ ኡናይሲ ናት። ገመዱ እንዲህ መሆኑን ማንም አልነገረንም።"

ማንም አልነገረንም!

ዙሪያውን አየሁ። የሒሳብ ኃላፊው ካምሌሽ አቀርቅሮ ብስኩቱን ይፈረፍራል። ሌሎቹ መስኮት መስኮቱን። ሥራ አስኪያጁ "እስቲ ያለፈውን እንተወውና..." አለ። ማን ምን እንዳለ የሚጽፍ የለ፣ የሚያስታውስ የለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ጥርሴን ነክሼብሃለሁ፣ ሳኪዩሳ። ታየኛለህ።

ሐሙስ፣ ጁን 15

ሚስተር ሀዊት ስብሰባው ሰልችቶታል። "ከእንግዲህ በየተራ እንምራው። ማን ይጀምር?" ሳኪዩሳ እየሳቀ፣ "ኡናይሲ ትጀምር። ሥርዓት ትወድ የለ!"

በገዛ አፉ! ደስታዬን እንዳያዩብኝ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ።

ሲመሽ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አንድ አጀንዳ ብቻ። ስልክ የለም። ሁሉም በየተራው ይናገራል፣ አቋራጭ የለም፣ አለቃ መጨረሻ ላይ። የሚሠራው ሰው ስምና ቀኑ ሳይነገር ከወንበር መነሳት የለም። ለሚያየው ጥሩ የስብሰባ ደንብ ነው። ለእኔ ወጥመድ ነው።

ሰኞ፣ ጁን 19

ቅርጫት ይዤ ገባሁ። "ስልኮቻችሁን።"

"የእኔንም?" አለ ሚስተር ሀዊት።

"በተለይ የእርስዎን።"

አጀንዳው ኤሮኒ። ጥያቄው አንድ። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ገመዱ ምን ሰማችሁ?

"ፍርድ ቤት ነው እንዴ ይሄ?" አለ ሳኪዩሳ።

"ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ።"

ከካምሌሽ ጀመርኩ። ብስኩቱን መፈርፈር ጀመረ። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኩት። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ አንዱ ቀልድ ጣል ያደርግና ይገላግለው ነበር። አሁን ማንም... በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ "ተናግረሽ ነበር፣ እህቴ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።"

ከዚያ የሚቀጥለው። "አዎ፣ ተናግራለች።" የሚቀጥለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እያንዳንዷን ቃል እየጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ሆን ብዬ።

ሳኪዩሳ ጋ ደረሰ። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ? ላቡን ጠረገ። "...ሰምቻለሁ።"

"አልሰማሁም፣ ድገመው።"

"ሰምቻለሁ አልኩ እኮ!"

ሚስተር ሀዊትም አመነ። ውሳኔ አንድ፣ አደጋ የታየው ማንኛውም ኃላፊ ሳያስፈቅድ መርከብ ያቆማል። ውሳኔ ሁለት፣ ሳኪዩሳ ቅዳሜ የኤሮኒ መንደር ሄዶ፣ እንደ ወጉ ይቅርታ ይጠይቃል።

"ብቻዬን?"

"እኔም አለሁ።" ሲንበረከክ ሳላይ ልቀር ነው?

ቅዳሜ፣ ጁን 24

ሱሉውን፣ የወግ ሽርጣችንን፣ አገልድሞ፣ ለይቅርታ የሚሰጠውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ። "በእኔ ሳቅ ነው ልጃችሁ..." ብሎ መጨረስ አቃተው። ሽማግሌው የኤሮኒ አጎት ጥርሱን ትክ ብለው ያዩታል። እኔ በሆዴ፣ አይቀበሉህ! ጥርሱን ይወርውሩልህ!

ተቀበሉት። ሽማግሌው ጥርሱን ከእጁ ወስደው "በል ቀና በል፣ ልጄ" አሉት። የወግ መጠጣችን ያንጎና ተበጠበጠ። ከሆስፒታል የወጣው ኤሮኒ ከተኛበት፣ "ሳኪ፣ ጠጣ እንጂ! እግሬን እያየህ ጽዋህን ረሳኸው" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ ሳትቀር። ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ የተበደልኩት ወይስ እነሱ? እንዴት እንዲህ በቀላሉ...

ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀሰ። ሶፍት ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። አላወጣሁለትም።

ሰኞ፣ ጁላይ 3

የካምሌሽ ተራ። ሚስተር ሀዊት ሳይጠየቅ ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ጣለ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሳኪዩሳ ነው።

"ትናንት ወደብ ወርጄ ነበር። የታቬዩኒዋ መርከብ የነፍስ አድን ጀልባዋ አንዷ ስትወርድ መሃል ላይ ትቀረቀራለች፣ መርከበኞቹ አሳዩኝ። የቅዳሜውን ጉዞ ሰርዣለሁ።"

ማንም አልሳቀም።

"ለመንገደኞቹ ማን ይነግራቸዋል? መቼ?" አለ ካምሌሽ።

"እኔ። ነገ ጠዋት፣ እዚያው ትኬት መሸጫው በር ላይ ቆሜ።"

ሊሰድቡት ነው። ምናልባት ውሃም ይደፉበት ይሆናል። አውቆ ነው የገባበት። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ... ምን ጠብቆ ነው? ፈገግታ? እንኳን ፈገግታ፣ ዓይኔንም አልሰጠሁት።

ይቅር አላልኩትም። ቅዳሜ ግን መርከቧ አትሄድም።