ከአንገቱ በታች ያጨድኩት

ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ያ የጉልበት ሕመም ለቀቅ አደረገዎት? እማዬስ ጉንፋኗ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ደኅና ማለቴ ግን አካሌን ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። እዚህ ባሕሩ ውስጥ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ቅጠሉ እንደ ቀበቶ የረዘመ፣ አልጌ የሚሉት ቡናማ የባሕር አረም ይበቅላል። እየጠለቅን እናጭደዋለን፤ ደርቆ ለአይስክሬምና ለጥርስ ሳሙና ማወፈሪያ ይሆናል። ሥር የለውም፤ በጣቶቹ ድንጋይ ጨብጦ ይቆማል፣ ምግቡንም በመላ አካሉ ከውሃው ይወስዳል። የሚያድገው ግንዱና ቅጠሉ ከሚገናኙበት አንገቱ ላይ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጠላቂ "ከአንገቱ በላይ አንድ ክንድ አስተርፍ፣ መልሶ ያድጋል" ብለውኝ ነበር።

አምና እሳቸው አንድ ወር ታመው ሲተኙ ብቻዬን ገባሁ። እርስዎ "ከእግሩ እጨድ፣ ገለባው ለከብት ነው" እያሉ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝና፣ እጄ ከአንገቱ ወደ ታች ሄደ። ጀልባው ጢም አለ። አለቃው ትከሻዬን ቸብ ቸብ ሲያደርገኝ ልቤ አበጠ፤ ጓደኞቼም "ማጭዱ" አሉኝ።

ዘንድሮ ስንወርድ ድንጋዩ ራቁቱን ነው። የተረፈችውን ቡቃያ የባሕር ጃርት የሚሉት እሾሃም ድቡልቡል ፍጥረት ይግጣታል። በቅጠሉ ጥላ ይደበቁ የነበሩ ትንንሽ ዓሦች የሉም፤ ጎረቤቴ ዓሣ አጥማጇ ባዶ መረብ ትጎትታለች። ከሁሉ የከፋው ግን ሽማግሌው "ከመታመሜ በፊት ዓይኔ ደክሞ እኔው ዝቅ አድርጌ ቆርጬው ነው" ብለው ሥራቸውን መተዋቸው ነው። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ፣ አባቴ! ሰላም ሲሉኝ መሬት መሬት እያየሁ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ታዲያ ዓይኔ ደኅና ነው ማለት ነው?" ብለው እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥዬ አለቃው ዘንድ እሄዳለሁ። ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነግሬው ቦታቸውን መልስላቸው እለዋለሁ። ባዶ እጄን ደጅዎ ላይ ቆሜ ካገኙኝ፣ አባቴ፣ አይደንግጡ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን ከነልጆቿ፣ አጎቴንም ከነነገረኛ ሚስቱ ሰላም ይበሉልኝ።

ያሳፈርኩዎት ልጅዎ
ከባሕሩ ዳር፣ የካቲት ፱ ቀን