ብረት የነካቸው ብልቃጦች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ሰው የምትለየው በድምፅ እየሆነ መጥቷል ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔን ከጠየቅሽ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ሥራሽ ምንድን ነው ባልሽኝ ቁጥር «ብልቃጥ አጣቢ ነኝ» እያልኩ አልፈዋለሁ። ዛሬ ላስረዳሽ፣ ጣጣው የመጣው ከዚያው ነውና። የምንመረምረው ባክቴሪያ በዓይን አይታይም እንጂ ብልጥ ነው። ቆዳው ላይ ዘበኛ አለው፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። ብረት ከውጭ ሲነካው ዘበኛው ወደ ውስጥ መልእክት ይልካል፣ መልእክቱም ተኝተው የነበሩ ጂኖችን፣ የዘር ትእዛዞቹን፣ ይቀሰቅሳል። እነሱ ሲነቁ ባክቴሪያው ብረቱ እንዳይጎዳው ቆዳውን ይለውጣል። ይህ ሁሉ ብረቱ ገና ደጅ ሳለ ነው። እኔ እንኳ በር ሲንኳኳ እንደማልሰማ ታውቂያለሽ። ጂኖቹ መንቃታቸው እንዲታወቅ አረንጓዴ እንዲያበሩ ተደርገዋል።

አለቃዬ ኮቴያቸው ስለማይሰማ ሠራተኛው ሁሉ «ድመቱ» ይላቸዋል። ባለፈው ወር ድመቱ ብረት ጨርሶ በሌለባቸው ብልቃጦች ውስጥ አረንጓዴ አዩና በደስታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ጂኖቹን ያለ ብረት የሚቀሰቅስ አዲስ ነገር አገኘን አሉ። ውጤቱ ተጽፎ እንደተላከ ወር ሙሉ ዕረፍት ሊሰጡኝ ቃል ገቡ። እኔም የእማዬ ዓይን ሳይጨልም ልደርስ ነው ብዬ ትኬት ቆረጥኩ።

ሰኞ ብልቃጥ ሳጥብ እጄ ላይ ያለውን አየሁና ክው አልኩ። ብልቃጦቹ ከብረት እንዲጠሩ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፣ በተጣራ ውኃ ይለቀለቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይነካቸውም። እኔ ግን ከተለቀለቁ በኋላም ከሥራቸው የሚቀረውን እድፍ ማየት አላስችል ብሎኝ፣ ከሻይ ክፍል ባመጣሁት የድስት ሽቦ እፈትጋቸው ነበር። ባለሙያ መሆኔ ነው። ባክቴሪያው ምንም አዲስ ነገር አላደረገም፤ ያገኘው ከእኔ ሽቦ የተራገፈውን ብረት ነው።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እማዬ ጉያ ውስጥ እሆን ነበር። ክፍላችን መስኮት የለውም፣ በሩም ያለ ካርድ አይከፈትም፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ተመላለስኩ። ግን ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ስንቱ ሰው በእኔ ሽቦ ላይ ዕድሜውን ይፍጅ? ዛሬ ጠዋት ለድመቱ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ቁጭ አሉና ሥራው እንደገና ይጀመራል፣ ስምንት ወር ይፈጃል፣ ዕረፍቱም ይቀራል አሉኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው በዚህ ሥራ ነው፤ ጥዬ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። የእማዬ የዓይን ጠብታ ደግሞ ከዚህ ካልሆነ አይገኝም። ብሄድ ጠብታው ይቋረጣል፣ ብቀር ሳታየኝ ይጨልምባታል። መላወሻ አጣሁ፣ እህቴ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ ትበርታ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎታችንን ስለ ምርቃታቸው አመስግኚልኝ። ለእማዬ ፎቶዬን አብሬ ልኬአለሁ፤ ፊቴ ወረቀቱን እንዲሞላው አድርጌ ነው የተነሣሁት። ፀሐይ ላይ አውጥተሽ አስይዣት። አይታኝ ስትጠግብ፣ ያን ጊዜ እንደማልመጣ ንገሪያት።

ታናሽ እህትሽ
ከሥራ ቦታዬ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን